የዘገየ መልስ የእምነት ጉድለት ማስረጃ አይደለም

ከአንዳንድ መድረኮች «በሰባት ቀን ካልተመለሰልህ እምነት ጎድሎሃል» የሚል ትምህርት እየሰማን ነው። የታመመች እኅት ፈውስ ፈልጋ ሄዳ ጥፋተኛ ተብላ ትመለሳለች፤ ቀጥሎም «ዘር ዝሪ» ትባላለች። እግዚአብሔር ዛሬም እንደሚፈውስ እናምናለን። ይህ ትምህርት ግን ወንጌል አይደለምና ዝም ብለን አናልፈውም።

ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ጸለየ (ማቴ. 26፥39-44)፤ ጽዋውን ግን ጠጣው። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)፤ መውጊያው ሳይወሰድ ጸጋ ተሰጠው። ታዲያ እነዚህም እምነት ጎድሏቸው ነበር ልንል ነው?

የወላይታን አባቶችና እናቶች እናስብ። ሚስዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ጥቂት ነበሩ። ተደበደቡ፣ ታሰሩ፣ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ። የጣሊያን ወረራ ያበቃው በ1933 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጸለዩ፤ ቤተ ክርስቲያንም በመከራው ውስጥ በዛች። በሰባት ቀን ሂሳብ ቢለኩ ኖሮ በስምንተኛው ቀን እምነት የለሾች ይባሉ ነበር!

ስለዚህ በጸሎት እንጽና። የምናለቅስበት ቀን ቢሆን እያለቀስን እንጸልይ፤ መዝሙረ ዳዊት ለልቅሶም ቃል አለው። የታመመውን ወገን «ምን በድለህ ነው?» እያልን መመርመሩን ትተን አጠገቡ እንንበርከክ። መጸለይ ያቃተው ካለም እስኪበረታ ድረስ እኛ እንጸልይለት።

የጌታ ጸጋ ይብዛላችሁ።