ስልኩ ስለ ስኳር በሽታም ይንገረን

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለስኳር በሽታ ግን ከሁሉም ይበልጥ ይስማማል። ይህ በሽታ ሲጀምር አያምም፤ አልጋ ላይም አይጥልም። አብዛኛው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ውኃ ጥም ሲያቃጥለው፣ ሽንት ሲያመላልሰው፣ ዓይኑ ሲፈዝና ሰውነቱ ያለምክንያት ሲከሳ ነው። ያን ጊዜ በሽታው ሥር ሰዷል። ከዚያ በኋላ የዕድሜ ልክ ክትትልና የመድኃኒት ወጪ ይመጣል፤ ገቢዋ አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

እርግጥ የስኳር በሽታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚነሣው ዓይነት የሚመጣው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም ነው። ይህን በአመጋገብ መከላከል አይቻልምና ማንኛዋም እናት «ጣፋጭ አብልቼው ነው» ብላ ራሷን ልትወቅስ አይገባም። ልንከላከለው የምንችለው ሁለተኛውን ዓይነት፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ በጎልማሳነት የሚመጣውንና ከውፍረት፣ ከእንቅስቃሴ ማነስና ከዘር ጋር የተያያዘውን ነው።

መከላከል ይቻላል ስንልም በምኞት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ክብደታቸውን በጥቂቱ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በቅርብ የተመከሩት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ችግሩ ይህን የመሰለ የቅርብ ምክር ብዙ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ መፈለጉ ነው። ታዲያ ድኻው ምን ያድርግ?

መልሱ በከፊል በእጃችን ከያዝነው ስልክ ዘንድ ተገኝቷል። በሕንድ ሀገር ለበሽታው የተቃረቡ 537 ወንዶች ለሁለት ክፍል ተመድበው፣ አንደኛው ክፍል ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ የሚያሳስብ አጭር የስልክ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ሲላክለት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ውጤት መሠረት መልእክቱ ካልደረሳቸው መካከል 27 በመቶው ሲታመሙ፣ ከደረሳቸው መካከል ግን የታመሙት 18 በመቶ ነበሩ። ሴኔጋልም እ.ኤ.አ. በ2014 በረመዳን ጾም ወቅት ለስኳር ሕሙማን ምክር በስልክ መላክ ጀመረች።

ለእኛስ ይህ እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው ድምፅ ይልቅ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለውን ማሳሰቢያ እንሰማ ነበር። ገበሬዎችም በ8028 ነፃ የስልክ መሥመር ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ምክር ሲሰሙ ቆይተዋል። ስለ በቆሎ መናገር የቻለ ስልክ ስለ በቆሎ አምራቹ ጤና መናገር አያቅተውም።

ነገር ግን በነቀምትና በዙሪያዋ ባለው በጉቶ ጊዳ ወረዳ ሊሠራ የሚችለው ሥራ በመጀመሪያ የእናቶችን ኑሮ መመልከት አለበት። አንደኛ፣ ምክሩ በኦሮምኛና በድምፅ ይሁን። ማንበብ የማትችል እናት ጽሑፍ ቢላክላት ምን ይረባታል? ሁለተኛ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስልክ የሚፈልግ መሆን የለበትም፤ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ይብቃ፤ ጥሪውም ነፃ ይሁን። ሦስተኛ፣ መሥመር ሲቋረጥ ሥራው አብሮ እንዳይቋረጥ በሰው ይደገፍ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የወለጋ ሰው አይረሳውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ፤ ስልኩ የእነርሱ ረዳት እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም።

አራተኛውና ለዚህ ዓምድ አንባብያን ዋነኛው ጥያቄ ስልኩ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በሀገራችን ስልክ ያላቸው ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ ያነሰ ነው። በብዙ ቤት አንዱ ስልክ ከባል ኪስ አይወጣም፤ እርሱ ጧት ሥራ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ወጡን የምትሠራው፣ ቡናውን የምታፈላው፣ ስኳሩን የምትለካው ግን ሚስት ናት። ምክሩ ለባል ኪስ ደርሶ ከምድጃው ዳር ካልደረሰ ትርፉ ምንድን ነው? ስለዚህ ባሎች የሰሙትን ለቤት ይንገሩ፤ ማታ ማታም ስልኩን ለእናትየዋ ይልቀቁ። ስልክ በሌለበት ቤት ደግሞ አንዷ የሰማችውን በዕድሩና በቡናው ላይ ለሌሎቹ ታካፍል።

ይህ እስኪደራጅ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘው በዚሁ በወለጋ ምድር ነው፤ ስኳሩን ግን ሁሉ በአንድ ሲኒ ውስጥ መጨመር የለብንም። ሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው ወደ ሁለት፣ ቀጥሎም ወደ አንድ ይውረድ። በጨው ቡና መጠጣት የለመዳችሁም ጨውን አታብዙ፤ የደም ግፊት የስኳር በሽታ ጎረቤት ነውና። አራስ ለመጠየቅ ስትሄዱ በለስላሳ መጠጥ ፈንታ እንቁላል ወይም ፍራፍሬ ውሰዱ። አንጮቴው፣ ገንፎውና እንጀራው በልክ ይሁን፤ ጎመኑና ጥራጥሬው ከጎኑ ይብዛ። በቢሮና በሱቅ ተቀምጣችሁ የምትውሉ እህቶች በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን ያንኑ 150 ደቂቃ ይሞላል።

ከሁሉም በላይ ተመርመሩ። በተለይ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የስኳር ሕመምተኛ የሆነ፣ ውፍረት ያለበት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው አይዘናጋ። በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ የነበረች እናት ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ማስለካት፣ ከዚያም በየጊዜው መታየት ይኖርባታል። በባዶ ሆድ ሲለካ ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ በሽታው አለ ማለት ነው። በማስጠንቀቂያው ላይ ያለ ሰው ገና መመለስ ይችላልና አይደንግጥ፤ አይዘግይም።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ በሚቀጥለው የቀበሌ ወይም የሴቶች ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄ አንሡ፦ በጤና ጣቢያችን ስኳር መለኪያ አለ ወይ? ምክሩስ በቋንቋችን፣ በስልካችን የሚደርሰን መቼ ነው? መለኪያ በሌለበት ቦታ የስልክ ምክር ብቻውን ግማሽ መንገድ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ሁሉ፣ ችግሩን ያልተናገረም መፍትሔ አያገኝም።