አዲስ ዕቃ ገባ፤ ፍሬኑ ግን ደከመ

በዚህ ዓምዳችን ብዙውን ጊዜ የምናነሳው የትምህርትና የጤና ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ፍሬን እናወራለን። «አስተማሪን ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ያገናኘን ነገር ስላለ ነው።

እዚህ መፋዛ ኑሯችን ቦክሲ ላይ ነው። ገበያተኛው፣ ገዳሪፍ ሆስፒታል የተላከው ሕመምተኛ፣ ምጥ የያዛት እህታችን፣ ሁሉም ከማሽላው ጆንያ ጋር ተደራርቦ የሚሄደው በዚያው አሮጌ ቦክሲ ነው። ስለዚህ የቦክሲ ፍሬን የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ጎረቤታችን መኪናውን አሳደሰ። ጭቃውን እንዲችልለት ብሎ 28 ኢንች ቁመት የነበረውን ጎማ በ31 ኢንች ቀየረ። መኪናው ከፍ እንዲል ከኋላ ባሌስትራው ላይ ቅጠል አስጨመረ። የፊት ካሊፐርና ሸራም አዲስ አስገባ። ብዙ ገንዘብ ወጣበት፤ እኛም «እንኳን ደስ ያለህ» አልነው። በሳምንቱ 11 ሰው ጭኖ ወደ ኾሩ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቀዝቀዝ አለ እንጂ አልቆመም። ማርሽ ቀንሶ፣ ዳር ካለው የአፈር ክምር ጋር አጋጭቶ እንደምንም አቆመው። ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ የኛው ተማሪዎች ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ የለም።

ሁላችንም ወዲያው «ዕቃው ፎርጂድ ነው!» ብለን ፈረድን። እሱም ሌላ ካሊፐር ሊገዛ ተነሳ። በወጣትነታቸው ጋራዥ የሠሩ አንድ አባት ግን «ልጄ፣ ገንዘብህን ያዝ፤ መጀመሪያ ከሥር ገብተን እንይ» አሉት። «አባባ፣ አዲስ ዕቃ እኮ ነው ያስገባሁት» ቢላቸው፣ «አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተስማምቷል ወይ?» ሲሉ መለሱለት። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው።

ከኋላ ዲፍረንሻሉ ጋር በዘንግ የተያያዘች አንዲት ቫልቭ ሻንሲው ላይ አለች። ሥራዋ ጭነትን መለካት ነው። መኪናው ሲጫን ወገቡ ዝቅ ይላል፤ ዘንጉ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቫልቯም ለኋላ እግሮች ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ትቀንሳለች። ባሌስትራው በቅጠል ከፍ ሲል ግን ቫልቯ ተታለለች፤ 11 ሰው ተጭኖ እያለ «ባዶ ነው» ብላ የኋላውን ፍሬን ያዘችበት። መፍትሔው የዘንጉን ማሰሪያ ከአዲሱ ከፍታ ጋር ማስተካከል ነው፤ ቢቻል በግፊት መለኪያ። ቫልቯን አውጥቶ መጣል ግን አይገባም። መኪናው ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፉና ይሽከረከራል።

ጎማውም የራሱን ድርሻ ወስዷል። ከ28 ወደ 31 ኢንች ሲያድግ፣ ያንኑ መኪና ለማቆም ፍሬኑ 11 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ማውጣት አለበት።

ታዲያ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ በምን እናውቃለን? ፔዳሉ ራሱ ይናገራል።

ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። አየሩ የሚወጣበት ቡሎን ከካሊፐሩ አናት ላይ መሆን አለበት። የግራና የቀኝ ካሊፐር ተዘዋውሮ ከተገጠመ ቡሎኑ ወደ ታች ይሆንና ቀኑን ሙሉ ቢረገጥ አየሩ አይወጣም።

ፔዳሉ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፤ ወይም ትልቅ ካሊፐር ገብቶ የድሮው ማስተር የሚልከው ዘይት አልበቃውም። እዚህ ላይ በክፍል የምናስተምረው የፓስካል ሕግ ይመጣል። የ20 ሚሊ ሜትር ማስተር በ25 ቢተካ የፒስተኑ ስፋት ከ314 ወደ 491 ካሬ ሚሊ ሜትር ያድጋል። ፔዳሉ ቶሎ ይይዛል፤ ነገር ግን ያንኑ ግፊት ለማግኘት እግር ከ1.5 እጥፍ በላይ መጫን ይኖርበታል። በነጻ የሚገኝ ነገር የለም።

ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ሰርቮው ባክዩም አላገኘም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ከዚያ እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ቱቦውን እዩ። በብዙ አሮጌ የናፍጣ ቶዮታዎች የባክዩም ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞውን ፓምፕ በሌለው የቀየረ ሰው ሳያውቀው ፍሬኑን አዳክሟል።

እግር ተጭኖ ሲቆይ ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ ዘይት ይፈስሳል ወይም የማስተሩ ጎሚኒ አልቋል። ይህን ይዞ መንገድ መጀመር ጨርሶ አይቻልም።

ዘይቱንም አንናቀው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መነሻው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። የሞተር ዘይት ማስተር ውስጥ መጨመርማ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሻል።

በሱዳን ጦርነቱ ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መለዋወጫ ከካርቱም እንደ ድሮው አይመጣም። ያገኘነውን መግጠም ልማዳችን ሆኗል፤ ሾፌሩን አንወቅስም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቃ ከተቀየረ በኋላ መኪናው ሰው ከመጫኑ በፊት ይፈተን። መጀመሪያ ባዶውን፣ በሜዳ ላይ፣ በዝግታ፤ ቀጥሎ ሰው ሳይሆን ጆንያ ተጭኖ። አገራችን ሜዳ ስለሆነ ደካማ ፍሬን ለብዙ ቀን ተደብቆ ይኖራል፤ የሚገለጠው ኾሩ ላይ ነው።

እኛ ተሳፋሪዎችስ? «ወንድሜ፣ ፍሬኑ ተፈትኗል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጎረቤታችን ዘንጉን አስተካክሎ፣ የኋላውን ሸራ አስጠግቶ፣ አየሩን አስወጥቶ አሁን በሰላም ይሠራል። ሊገዛ የነበረው ካሊፐርም ሳይገዛ ቀረ።

ለዛሬ እዚህ ላይ እናብቃ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።