ሳጥኑን ማን አቆመው?

ስለ ጠባብ ቤት ወሬ በተነሣ ቁጥር ክርክሩን ባጭሩ የምትቀጭ አንዲት አባባል አለች። «ድሀ ምን ልብስ አለውና ነው ማስቀመጫ የሚያስፈልገው?» ትላለች። ተናጋሪው ይህን ካለ በኋላ ነገሩን የዘጋው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሃያ ልብስ ያለው ሰው አንዱን አይጥ ቢቆረጥምበት ትዝም አይለው ይሆናል። ሁለት ልብስ ያለው ግን አንዱን ካጣ የሀብቱን ግማሽ አጣ ማለት ነው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ደህና ማስቀመጫ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለየትኛው ነው?

ለነገሩ «ልብስ የለውም» የሚለውም አነጋገር ጊዜው አልፎበታል። ወልድያ ላይ፣ ወይም ከወልድያ በስተደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብለን የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ላይ፣ አንድ ሦስት በሦስት የሆነ የኪራይ ክፍል አንኳኩተን እንግባ። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩበታል እንበል። የአዘቦት ልብስ አለ፤ የክት ልብስ አለ። የልጆቹ የደንብ ልብስ አለ። ለጥምቀት ወይም ለዒድ የሚወጣ ነጭ ልብስ አለ። ቅሬ ሲጠራ ብድግ ተደርጎ የሚለበስ ኩታ ወይም ነጠላ አለ። ከዚህ ላይ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ፣ አንሶላው፣ «እንግዳ ቢመጣ» ተብሎ የተቀመጠው መኝታ ይጨመራል። ወሎ ውስጥ እንግዳ የማይመጣበት ቤት የለምና ይህ የመጨረሻው ትርፍ ነገር ነው ሊባል አይችልም። ሳልባጅ ደግሞ በየገበያው ከተዘረጋ ወዲህ የልብሱ ቁጥር በዝቷል። ልብሱ ሲበዛ ክፍሉ ግን ያው ሦስት በሦስት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ነው ያለው? ከማዕዘን ማዕዘን በተወጠረ ገመድ ላይ መጋረጃ ተጋርዶበት ነው። አልጋ ሥር በፌስታልና በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ነው። ካርቶን ውስጥ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ ሌላ ካርቶን ነው። አንዲት ነጠላ ለማውጣት ቤቱ በሙሉ ይገለበጣል። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም።

የዚህ ክፍል ስሙ «ሰርቪስ» ነው። ስሙ ታሪኩን ይናገራል። ዋናው ቤት ፊት ለፊት ተሠራ፤ ከጀርባው ደግሞ ለማድ ቤትና ለሠራተኛ ማደሪያ ተብሎ ክፍሎች በረድፍ ተደረደሩ። ሠራተኛዋ ጨርቋን በፌስታል ይዛ መጥታ በፌስታል ይዛ ትሄዳለች ተብሎ ስለታሰበ ግድግዳው ላይ አንዲት መደርደሪያ እንኳ አልወጣላትም። ይህ በራሱ ግፍ ነበር። ዛሬ ግን በዚያ ክፍል መምህር ይኖርበታል፤ ነርስ ትኖርበታለች፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያመጣው ተከራይም ይኖርበታል። ኪራዩ ወደ ላይ ሲወጣ የቤቱ ሐሳብ ግን እዚያው ሠራተኛ ቤት ላይ ቆሞ ቀርቷል። እኔ ራሴ በተከራየሁት በአንዱ ክፍል አከራዬ የመጀመሪያዪቱ ቀን የነገሩኝ ሕግ «የኔ ልጅ፣ ግድግዳዬን ሚስማር እንዳታስነካብኝ» የሚል ነበር። መደርደሪያ አልሠሩልኝ፤ ሚስማርም ከለከሉኝ። ልብሴን በራሴ ላይ ደርቤ እንድተኛ ካልሆነ በቀር ሌላ ምን አማራጭ ተወልኝ?

«ቁምሳጥን ግዛ» ነው መልሱ። እንግዲህ ይህን ቁምሳጥን የተባለውን ነገር እንየው። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ የቆመ ሳጥን ማለት ነው። አያቶቻችን ሳጥኑን አጋድመው ነበር የሚኖሩት። ተጋድሞ ሳለ ሳጥኑ ሦስት ሥራ ነበረው። ልብስ በውስጡ ይቀመጣል፤ ሰው በላዩ ይቀመጣል፤ ሲመሽ አንድ ነገር ጣል ይደረግበትና ልጅ ይተኛበታል። ቁልፍ ነበረው፤ እጀታ ነበረው፤ ሁለት ሰው ያነሣዋል። በኋላ አንድ ቀን ሳጥኑ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ አይቀመጡበትም፣ አይተኙበትም፣ አያነሡትም። ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ግድግዳ ሆነ።

ሒሳቡን እናስላው። አንድ ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከወለሉ ላይ 0.9 ካሬ ሜትር ይይዛል። በሩ ሲከፈት የሚጠርገውን ግማሽ ሜትር ብንጨምር ሌላ 0.75 ነው። ድምሩ 1.65 ካሬ ሜትር ይሆናል። የክፍሉ ጠቅላላ ስፋት 9 ካሬ ሜትር ነው። አራት ሰው ከሚኖርበት ቤት አንድ አምስተኛው ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ቦታ ለአንድ ዕቃ ተሰጠ ማለት ነው። ባንጻሩ ወርዱ 1.20፣ ርዝመቱ 1.90 የሆነ አልጋ ከሥሩ 2.28 ካሬ ሜትር ቦታ አለው። ይህ ቦታ ለአቧራና ለድመት ተትቷል።

ይህ ብቻ አይደለም። ቁምሳጥኑ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የተሰጠው ለኮት ነው። በመስቀያ የተሰቀለ ኮት ትከሻው ያን ያህል ቦታ ይፈልጋል። የኛ ልብስ ግን በአመዛኙ የሚታጠፍ ልብስ ነው። ጋቢ ይታጠፋል፤ ነጠላ ይታጠፋል፤ ብርድ ልብስና አንሶላ ይታጠፋል። በእጅ የተሸመነ ቀሚስ ለረጅም ጊዜ ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ይረግባል፤ ቅርጹን ያጣል። ለታጠፈ ልብስ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ስለዚህ ለማንለብሰው የኮት ብዛት ስንል ከጠባብ ቤታችን ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር እንገብራለን። ቺፑዱ ደግሞ አለላችሁ። የጭቃው ግድግዳ በክረምት እርጥበት ሲስብ ቺፑዱም አብሮ ይስብና እንደ ዳቦ ያብጣል። በሩ አልገጥም ይላል፤ ማጠፊያው ይነቀላል። ዕዳው ሳያልቅ ዕቃው ያልቃል።

«ታዲያ ወደ ኋላ እንመለስ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ያልኩት ቤቱ ራሱ ልብስ ይያዝ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉትን የጥንት ቤቶች ያየ ሰው ዕቃ ማስቀመጫው ግድግዳው ውስጥ ተቀርጾ፣ መቀመጫውም ከወለሉ ጋር ተያይዞ ከፍና ዝቅ ብሎ መሠራቱን ያውቃል። ዩኔስኮ ከተማዪቱን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት የእነዚያ ቤቶች አሠራር ከታዩት ነገሮች አንዱ ነበር። ጃፓኖችም ኪሞኗቸውን አይሰቅሉም፤ አጥፈው በጠፍጣፋ መሳቢያ ያኖሩታል። ፍራሻቸውንም በቀን አጥፈው ግድግዳው ውስጥ በተሠራ ማስቀመጫ ያስገቡታል፤ ክፍሉም ሳሎን ይሆናል። እኛ ግን የራሳችንን ጥለን፣ የሌላውንም ብልኀት ሳንይዝ፣ የሰፊ ቤት ዕቃ በጠባብ ቤት እንጎትታለን።

መንግሥትም ከዚህ ወቀሳ አይድንም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ መሠራት በጀመሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ግድም ነው። በእንዲህ ያለ ስፋት ላይ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር መታሰብ ነበረባት። የልብሱ ነገር ግን ለባለ ዕድሉ ኪስ ተተወ። ባለ ዕድሉም ሄዶ ያንኑ የቆመ ሳጥን ገዛና በጠባቡ ደረጃ በገመድ አስጎተተው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ፍርዱ የሚወርድበት ሰው ነው። ጎረቤት ይገባል፤ ገመዱን፣ ማዳበሪያውን፣ የተከመረውን ልብስ ያያል። ሲወጣ «ምነው ሙያ የላትም!» ይላል። ከጭቃ ግድግዳ፣ ከአፈር ወለልና ከማዳበሪያ ኮርኒስ ጋር ዓመቱን ሙሉ እየታገለች የአራት ሰው ልብስ ነጭ አድርጋ የምታወጣ ሴት ሙያ የላትም ተባለች! ጥፋቱ የአናጢው፣ የግንበኛው፣ የባለ ቤቱና የፕላን አጽዳቂው ሆኖ ሳለ ሐሜቱ የእሷ ሆነ። ቤቱን የሠራው ወንድ ነው፤ የሚታማው ግን የሴቷ እጅ ነው።

ነገሩ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልብስ የሚቀመጥበት ቦታ በየቤታችን ባንክም መዝገብ ቤትም ነው። የቤት ካርታ፣ የልጅ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ፎቶግራፍ፣ ለክፉ ቀን የተቋጠረች ብር የሚገኙት ከታጠፈ ጋቢ መሐል ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ብዙ ሕዝብ ወደ ደሴ ሸሸ። በዚያ ሰዓት ሰው ከልጁ ቀጥሎ ያነሣው ልብሱን ነው። ቁምሳጥን ተሸክሞ የተሰደደ ሰው የለም። አንሶላ ተዘርግቶ፣ እጅ የገባው ሁሉ ተጥሎበት፣ አራቱ ጫፍ ተቋጠረ። ፌስታልና ካርቶን ውስጥ የተበተነ ቤት በደቂቃ ውስጥ ምን ይዞ ይወጣል? ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ ከተሞቹ ነጻ ሲወጡ ተመላሹ ብዙ ቦታ የጠበቀው የተዘረፈ ቤት ነበር። ቤት ለስደት ይሠራ አልልም፤ አያምጣው። ነገር ግን ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በሰላሙም ቀን፣ በክፉውም ቀን ሰው ሆኖ ይቆማል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ቀላሉ የአልጋው ሥር ነው። ቁመታቸው 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ዝቅተኛ ሳጥኖች መንኮራኩር ወይም እግር ተደርጎላቸው፣ ክዳን ኖሯቸው አልጋው ሥር ቢገቡ የቤተሰቡን የክት ልብስ ይይዛሉ። ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ይበሉ፤ የአፈር ወለል እርጥበት ይሰጣልና። የሐበሻ ጥድ ቢገኝ መልካም ነው፤ ጠረኑ ብል ያርቃል ይባላል። ይህን ማንም የመርሳ አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

ቀጥሎ ከበሩ በላይ ያለው ባዶ ነው። ሦስት ሜትር ርዝመት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆጥ ቢወጣ 1.2 ካሬ ሜትር ይገኛል። ከወለሉ አንዲት ስንዝር አይነካም። ብርድ ልብሱና የእንግዳው መኝታ እዚያ ይወጣል።

ስለ ብሉም አንድ ነገር ልበል። ብል የሚበላው ሱፍ ነው፤ ጥጥ አይመገብም። ስለዚህ የሚጠበቀው ዝተቱ፣ በርኖሱና የሱፍ ኮቱ ነው። የጋቢው ጠላት እርጥበቱ፣ ሻጋታውና አይጡ ነው። ለእነዚህ መድኀኒታቸው ክዳንና የመስከረም ፀሐይ ነው። ናፍታሊን የተባለውን ነጭ እንክብል ሁሉም በሚተኛበት አንድ ክፍል ውስጥ መበተን ግን ይቅር፤ በተለይ ከጨቅላ ሕፃን ልብስ ጋር ማኖር ደም እስከማሳጣት የሚያደርስ ጉዳት አለው።

ሦስተኛው የአከራዩ ድርሻ ነው። በረድፍ የሚሠሩ ክፍሎች ግድግዳ ይጋራሉ። ያ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከሚሄድ መሐሉ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ቢታጠፍ፣ ግማሹ ወደ አንዱ ክፍል፣ ግማሹ ወደ ሌላው ገባ ይላል። ለሁለቱም ክፍሎች አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ያለው የልብስ ማስቀመጫ ይገኛል። ከሁለቱም ስፋት የሚጎድል የለም፤ አንዱ የሰጠውን ያህል ይቀበላል። አንድ ብሎኬት ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የተጨመረው ሥራ በየረድፉ አንድ ብሎኬት ነው። ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ቢል ድምሩ አሥራ ሦስት ብሎኬት ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ የወልድያና የመርሳ ማዘጋጃ ቤቶች የቤት ፕላን ሲያጸድቁ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ እንደሚጠይቁ ሁሉ «ልብሱ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። አከራይም የወር ኪራዩን ሲጨምር ይህን አብሮ ያስላ። ሚስማር የከለከለ ሰው መደርደሪያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከተከራዩ በየወሩ ለሚቀበለው ገንዘብ አሥራ ሦስት ብሎኬት በዛ የሚል ካለ፣ ይምጣና በዚሁ መጽሔት ላይ ይከራከረኝ።