ኮዱ ክፍት ነው፣ መንገዱስ?

ክረምት ሲገባ ከደጋው ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ሰሊጥ ያርማል፣ ከመስከረም በኋላ ያጭዳል፣ ማሳው አጠገብ ዳስ ጥሎ ያድራል። ወባ አለ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ፤ የመተማና የሁመራ ቆላ በዚህ በሽታ ስሙ መነሳት የጀመረው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው፣ ያኔም ዋነኞቹ ተጠቂዎች ለሥራ የወረዱት ነበሩ።

ይህ ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲደርስ በወሩ ሪፖርት ላይ አንድ ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩ የሚገባው ዲኤችአይኤስ2 በሚባል፣ በድረ ገጽ በሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ልማቱን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ኮዱ ጊትሃብ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ያየዋል፣ ማንም ማሻሻያ ይልካል። 13 ወር እንዳለን እንኳን ያውቃል! ጳጉሜን ኮዱ ውስጥ የገባችው ደግሞ በተአምር አይደለም፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጻፋት ነው።

እሺ፣ የሰሊጥ ሠራተኛውንስ ማን ይጻፈው? መተማ ላይ የታመመው ሁሉ ለመተማ ነዋሪ ብዛት ቢካፈል፣ የሚወጣው መጠን የማን በሽታ ነው? ልጁ ነዋሪ አይደለማ! ይህን ጥያቄ ከኦስሎ ሆኖ ማንሳት ይከብዳል። ገንዳ ውኃ ላለ የጤና መረጃ ባለሙያ ግን የየክረምቱ ጉዳይ ነው። (ይህ የኮድ ሳይሆን የፎርም አዘገጃጀት ጉዳይ ነው የሚሉን ፕሮግራመር ወዳጆች አሉን። ይሁን፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅስ ኮዱን ከፍቶ ማየት አይጠይቅም?)

እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን ሞከርነው። ኮዱን አወረድን፣ ጃቫውንና ፖስትግረስ የተባለውን ዳታቤዝ ጫንን። ከዚያ ማቨንና ኤንፒኤም የሚባሉ ሁለት ጉዶች መጡ። እነዚህ ኮዱ የሚፈልጋቸውን የሌሎች ሰዎች ኮዶች አንድ በአንድ ከኢንተርኔት ይለቅማሉ። መስመር ሲቋረጥ የሚወጣው ቀይ ጽሑፍ ስለ መስመሩ ሳይሆን ስለማናውቀው ፋይል ያወራል። ሦስት ማታ ፈጀብን፣ ፓኬጃችንም አለቀ።

አዲስ አበባ እንዲህ ከሆነ… በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሱዳን ጦርነት ፈንድቶ ስደተኛው በመተማ በኩል ይገባ ነበር፤ መረጃ አጥብቆ በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው።

የሚያናድደው፣ ጊት ራሱ ያለ ኢንተርኔትም እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ መሆኑ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው የኮዱ ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲኖር አድርጎ ነው። ጊት ባንድል የሚባለው ትእዛዝ ያንን ሁሉ አንድ ፋይል ያደርገዋል፤ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ በሰው ኪስ ይጓዛል። ማቨንም አንዴ የለቀመውን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ፎልደሩን መቅዳት ይቻላል። መተማ ላይ የተሠራው እርማት በዚያው ፍላሽ ይመለሳል።

ስለዚህ አዲስ አበባና ጎንደር ያላችሁ ፕሮግራመሮች፣ ስማችሁን የሚያስጠራ አዲስ ነገር ኮዱ ላይ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ሥሩልን፤ ያለ ኢንተርኔት የሚነሳ ኮድ ከነአማርኛ መመሪያው፣ አንድ ፍላሽ ላይ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጤና ኢንፎርማቲክስ ያስተምራል፣ ለመመረቂያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል? ወደ ቆላው ይዞት የሚወርድ ሰው አይጠፋም። መመሪያውን በአማርኛ መጻፉን እኛ ወስደናል። «ዲፔንደንሲ»ን ምን ብለን እንደምንጠራው ግን እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።