የጓሳ ሣር አጠባበቅና የቀይ ቀበሮ ሕልውና

በሰሜን ሸዋ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ አቋርጦት የሚያልፈው የጓሳ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው የጓሳ ሣር ነው። ይህ ሣር ለመንዝ ገበሬ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ በክረምትም እረኛው ከዝናብ የሚከለልበት ገሳ ነው። ለቀይ ቀበሮ ደግሞ የሚያድናቸው አይጦች የሚኖሩበት ጎጆ ነው። የገበሬውና የአውሬው ጥቅም በአንድ ሣር ላይ መገናኘቱ የጓሳን ጉዳይ ከሌሎች የዱር እንስሳት መጠበቂያ ስፍራዎች ለየት ያደርገዋል።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራራዎች ሲሆን፣ የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ደጋዎች እንዲሁም በጓሳ ተበታትነው ይገኛሉ። በጓሳ ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። በጎጃም በጮቄ ተራራ የነበረው ዘር ፈጽሞ ጠፍቷል። በዚያው በሰሜን ሸዋ በጎሽ ሜዳ የነበረውም እንዲሁ። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ የጎሽ ሜዳው ሲጠፋ የጓሳው እንደምን ሊተርፍ ቻለ የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ እንስሳው እንዴት እንደሚኖር መመልከት ያስፈልጋል። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ተሰባስቦ ይኖራል፤ ክልሉንም በጋራ ይጠብቃል፤ ሲያድን ግን ለየብቻ ነው። ምግቡ በአመዛኙ አይጥና የአይጥ ዘመድ ነው። በጓሳ ለዓመታት በተደረገ ክትትል አንድ የሚያስገርም ነገር ታይቷል። ከ200 በላይ የሚሆኑ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲግጡ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል። ጭላዶቹ አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን ለመንካት አይቃጣም። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራ 25 ያህል ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲሆን ግን 67 ያህል ይሳካለታል። ምክንያቱ የዝንጀሮዎቹ ግጦሽ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ስለሚያስወጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አይጦቹ በመንጋው መካከል የሚመጣባቸውን ጠላት ለይተው ባለማየታቸው ይሆናል። ከዚህ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። እነዚሁ ጭላዳዎች የመንደር ውሻ ሲመጣ ወደ ገደል ይሸሻሉ። ውሻና ቀይ ቀበሮ ለእነርሱ አንድ አይደሉም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

አይጥ ያለ ሣር አይኖርም፤ የታረሰ መሬት ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ የደጋ አይጥ አይስማማውም። በአገራችን ከ3200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ የሚሆነው ወደ እርሻ መለወጡን የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ባለሙያዎች ይገልጻሉ። ስለዚህ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ጠላት ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ሳይሆን ወደ ዳገት የሚወጣው ማረሻ ነው። ጓሳን ከዚህ ያዳነው ሕግ አስከባሪ ፖሊስም፣ የፓርክ አጥርም አልነበረም። የመንዝ ሕዝብ የራሱ ሥርዓት ነበር።

የመንዝ አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳቆሙት የሚነገረው ይህ ሥርዓት ቄሮ ይባላል። የሥርዓቱ አለቃ «አባ ቄራ» የሚሾመው በተጠቃሚው ሕዝብ ምርጫ ነበር። ጓሳው ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ማንም ከብቱን ሊያሰማራ፣ ሣር ሊያጭድ ወይም እንጨት ሊቆርጥ አይችልም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ መልሶ ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያንም ሥርዓቱን በውግዘት ትደግፍ ነበር። ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። ባልተፈቀደ ጊዜ በታጨደ ሣር የተከደነ ቤት ይቃጠል እንደነበር ይነገራል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ስለ ቀይ ቀበሮ የተናገረ ሰው አልነበረም። የታሰበው ስለ ቤት ክዳንና በድርቅ ዘመን ስለ ከብት መኖ ነው። ቀበሮው የኖረው ሣሩ በመኖሩ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ቄሮ የርስተኞች ሥርዓት ነበር። ከአቅኚዎቹ የማይወለድ ሰው ጎረቤት ቢሆንም ከጓሳው ተጠቃሚ ለመሆን መብት አልነበረውም። ይህ አድልዎ መቅረቱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከአድልዎው ጋር የመዝጊያና የመክፈቻው ጊዜ አብሮ ፈረሰ። መሬቱ የሁሉም ሲሆን የጠባቂ ያለህ ተባለ። ከብት ዓመቱን ሙሉ ተሰማራ፤ ሣሩም ሳይደርስ ታጨደ፤ እርሻም ከዳር ዳር ገፋ። ገበሬው ጉዳቱን ያየው በመጀመሪያ በራሱ ቤት ክዳን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ ያሉ ነዋሪዎች ተመካክረው ጥበቃውን በእድር መልክ መልሰው አቋቋሙ። መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፤ የየቀበሌው ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ተመረጠ፤ ከመካከላቸው ዘቦች ተመደቡ። የአማራ ክልል መንግሥትም ስፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በደንብ ዕውቅና ሰጥቶታል። የዛሬው ጥበቃ ከቄሮ የሚለየው የትውልድ ሐረግ ሳይጠይቅ በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች ሁሉ ተጠቃሚ በማድረጉ ነው።

ይሁን እንጂ ደንብ ማውጣት ብቻውን የማይመክተው አደጋ አለ፤ ይኸውም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ በዌብ ሸለቆ በሽታው ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ በሸለቆው ከነበሩት ከአራት ሦስት እጅ የሚሆኑትን ፈጅቷል። በባሌ በሺህ የሚቆጠሩ ውሾች ከእረኞች ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ። በጓሳም ቢሆን መንደሩና ግጦሹ ይጎራበታሉ። ጭላዳ ውሻን ከቀይ ቀበሮ ቢለይም በሽታው አይለይም። በባሌ እንደ ደረሰው ያለ ጥፋት በአሥሮች በሚቆጠሩት የጓሳ ቀበሮዎች ላይ ቢደርስ የሚተርፍ ዘር ላይኖር ይችላል።

ለገበሬው ውሻህን አስወግድ ማለት ጅብና ነብር ባለበት አገር የማይሆን ምክር ነው። የሚሆነው ማስከተብ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. በባሌ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ቁራሽ ውስጥ ተደርጎ ለቀይ ቀበሮዎች መስጠት ተጀምሯል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የበሽታውን ምንጭ አያደርቅም። የእንስሳት ጤና ሠራተኛው በግ ሊከትብ ወደ ቀበሌ ሲወጣ የውሻውንም መድኃኒት አብሮ ቢይዝ የሚጠቀመው በመጀመሪያ የገበሬው ቤተሰብ ራሱ ነው፤ ያበደ ውሻ የሚነክሰው ልጆችን ነውና።

የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚጣለው በጎብኚ ገንዘብ ላይ ነው። ጓሳም የጎብኚ ማረፊያ ተሠርቶለታል። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ መድረሱ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህ ገቢ ምን ያህል የማያስተማምን እንደሆነ አሳይተዋል። ጎብኚ በቀረበት ዓመትም ቢሆን ሣሩ ይታጨዳል። በአንጻሩ ሣሩም ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም። ቆርቆሮ ክዳን በየመንደሩ እየበዛ ሲሄድ ሰው ለጓሳ የሚኖረው ፍላጎት መቀነሱ አይቀርም። ጠባቂው ስለ ቤቱ ክዳን ብሎ ሲጠብቅ ለኖረው መሬት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኮሚቴው ከዘብ ደመወዝ ያላነሰ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመሬት ጥበት ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት የደረሳቸው ገበሬዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ጎጆ ወጥተዋል። በጓሳ አፋፍ ያለው ወጣት ገበሬ ማረሻውን ወደ ላይ የሚያወጣው ሣሩን ጠልቶ ሳይሆን፣ ከአባቱ የተካፈለው የገብስ ማሳ ስላልበቃው ነው። ማሳው ያልበቃበት ምክንያት ደግሞ ጥበቱ ብቻ አይደለም። ደጋው ማገዶ የለውም፤ ስለዚህ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ ማሳው ግን ያለ ፍግ ይቀራል። ማሳው ሲሳሳ ገበሬው አዲስ መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ የጓሳ ጥበቃ የሚጀምረው ከጓሳው ውስጥ ሳይሆን ከታች፣ ከመንደሩ ምድጃ ነው። የልማት ሠራተኞች በየጓሮውና በየወሰኑ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል፣ እንጨት ቆጣቢ ምድጃም እንዲሠራ ቢያደርጉ እበቱ ወደ ማሳው ይመለሳል። የተተከለ ችግኝ በዚያ ውርጭ ለማገዶ እስኪደርስ ግን ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የየመንደሩ ሴቶች ቁጥቋጦውን ከጓሳ ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ።