ዳታ የማትበላ ጣቢያ

ባለፈው ሳምንት የኢንተርኔት ፓኬጄ አልቆ ስልኬን ስነካካ የኤፍኤም አፑን ከፈትኩ። ባለገመድ ኢርፎን ሰካሁ፤ አንቴና የሚሆነው ገመዱ ነውና። ፍለጋው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ላይ ቆመ። አቅራቢዋ ተማሪ እንደሆነች ያስታውቃል። የእንግዳዋን ስም ተሳሳተች፣ ሳቀች፣ አረመችና ቀጠለች። ከዚያ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ጀመሩ። እኔም ሳልዘጋው መሸ።

ብዙዎቻችን ልብ አንላቸውም እንጂ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች አሉን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ99.4፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ102.0 የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላቸው። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ አይሠራም። አቅሙ ትንሽ የሆነ ጣቢያ ሩቅ አይደርስም፤ የኤፍኤም ሞገድን ደግሞ ተራራና ሕንፃ ይጋርደዋል። ትንሽ ራቅ ስትሉ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። ለእኔ ግን ጣዕሙ እዚያ ላይ ነው፤ የሚያወራው ሰው እዚሁ ሰፈራችን አካባቢ እንዳለ ይሰማኛል።

ቲክቶክ የሚያመጣልኝ ትናንት የወደድኩትን ነው። ይቺ ጣቢያ ግን ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ፣ ያውም በነጻ።

የምፈራው አንድ ነገር ነው። የኢርፎን መሰኪያና ኤፍኤም የሌላቸው ስልኮች እየበዙ ነው። ሰሚ ከጠፋ ስልክ የሚደውልም አይኖርም፤ ተማሪዎቹም ተሳስተው የሚማሩበትን ማይክ ያጣሉ።

እስቲ ዛሬ ማታ ዳታችሁን አጥፉና ፈልጓቸው። ከሰማችሁም ደውሉላቸው። ሰው እየሰማቸው እንደሆነ ይወቁ።