አሮጌውን አውቶሞቢል ስለ መጠበቅ

በሰው እጅ የተሠራ ነገር ሁሉ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ማርጀቱ አይቀርም። ቤት ይዘምማል፤ ልብስ ያልቃል፤ ብረትም ይዝጋል። ይሁን እንጂ ብዙው ዕቃ ያለ ዕድሜው የሚጠፋው ከእርጅና ይልቅ በባለቤቱ ቸልተኛነት መሆኑን አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃን ማግኘት የገንዘብ ሥራ ነው፤ ጠብቆ ማቆየት ግን የትጋትና የዕውቀት ሥራ ነው። ዛሬ ይህን አሳብ ለመጻፍ ያነሣሣን በከተማችን በአዲስ አበባ ጎዳና የሚመላለሰው የአሮጌው አውቶሞቢል ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚህ ነገር ላይ ታላቅ ለውጥ ሆኗል። አስቀድሞ አውቶሞቢሉ ያረጀበት ሰው ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ ከውጭ አገር በመጣ፥ ካለው በተሻለ አሮጌ ይለውጠው ነበር። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ግን ዕድሜው በገፋ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ቀረጥ ተጣለበት። በጥር ወር 2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ፤ በዚህም ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም ዋጋው አብሮ ወጣ።

የዚህ ውሳኔ ዓላማ አገሪቱን ከውጭ ነዳጅ አውጥቶ በራስዋ ኃይል ወደሚሄድ ተሽከርካሪ ማሸጋገር ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. መመረቁም ለዚህ አሳብ መሠረት የሚሆን ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ጥቂት ነው። በአገሪቱ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሲኖር፥ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚለወጥ አይደለም። እንዲህ ሲሆን፥ ዛሬ በእጃችን ያለው አሮጌ አውቶሞቢል ገና ብዙ ዓመት ያገለግለናል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚቆይ መሆኑና አለመሆኑ ሳይሆን፥ እንዴት ሆኖ ይቆያል የሚለው ነው።

በቅዳሜ ከቀትር በኋላ በቦሌ ሚካኤል ሰፈር ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ሰው የነገሩን ገጽ በዓይኑ ያያል። ድንጋይ በተነጠፈው ጠባብ መንገድ ዳር፥ በየአጥሩ ሥር፥ ኮፈናቸው የተከፈተ አውቶሞቢሎች ቆመው ይታያሉ። አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ሸሚዙን አውልቆ ካንዴላ ያጸዳል፤ ሌላው የባትሪውን ጫፍ በሙቅ ውሃ ያጥባል። ልጁም አጠገቡ ቆሞ መፍቻ ያቀብላል። በዚህ ሰፈር ከልዩ ልዩ ወገን የመጣ ሕዝብ፥ ይልቁንም ብዙ የሶማሌ ተወላጅ አብሮ ይኖራል፤ ክሪክና መፍቻ ግን የማን ነው ሳይባል ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወራል። እ. ኤ. አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የተሠራው፥ ሕዝቡ ዲኤክስ የሚለው የቶዮታ ኮሮላ እስከ ዛሬ ቤተ ሰብ ሲያመላልስ የሚታየው በዚህ ዓይነት ትጋት ነው።

ይህ ትጋት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ በመንገዱ ላይ አንድም ጋራዥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የእጅ ሥራው በየአውደ ጥናቱ ሲስፋፋ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ጎሚስታ የሚሉት የጣልያንኛ ቃላት ከአማርኛችን ጋር ተዋሐዱ። ፊደል ያልቈጠረው መካኒክ ሳይቀር ሞተርን በጆሮው እያዳመጠ ደዌውን የሚያውቅ ሆነ። በመርካቶ አጠገብ ሶማሌ ተራ የሚባለው ገበያም ለአሮጌ አውቶሞቢል ሁሉ የመለዋወጫ ጎተራ ሆኖ ይኖራል።

ከባሕር ማዶም ምሳሌ አለ። በኩባ ደሴት ከእ. ኤ. አ. 1960 ጀምሮ የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በተጣለ ጊዜ የአሜሪካ አውቶሞቢልና መለዋወጫ መግባቱ ቆመ። የኩባ ሰዎች ግን የነበራቸውን ከስድሳ ዓመት በላይ እያበጁ፥ የአሜሪካውን አካል ከሩሲያ ሞተር ጋር እያጋጠሙ እስከ ዛሬ ይነዱታል። ይህ የብልሃታቸውን ታላቅነት ያሳያል። ነገር ግን ከዚሁ ጋር ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ሞተር የሚያስነሣ ብልሃት ሁሉ መኪናን በደኅና የሚያቆም ብልሃት አይደለም። እኛም በዚህ ጽሑፍ አበክረን የምንናገረው ይህንኑ ነው።

አሮጌ አውቶሞቢል ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። አንዱ ባለቤቱን ብቻ የሚጐዳ ነው፤ ሁለተኛው ግን በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ የሚጐዳ ነው። ባለቤቱ በቤቱ ሊያክመው የሚገባው የመጀመሪያውን ነው። ይኸውም የሞተሩን ዘይት መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መለካት፥ በጊዜውም መለወጥ፤ በአቧራ የሚዘጋውን ፊልትሮ የሚባለውን የአየር ማጣሪያ ማጽዳት፤ ካንዴላውንና የባትሪውን ጫፍ መመልከት፤ የጎማውን ንፋስ መለካት፤ የተቃጠለ አምፖል መለወጥ ነው። ባትሪ የሚፈታ ሰው ኔጋቲቩን ጫፍ አስቀድሞ ይፍታ፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ የሚቀጣጠል ነውና እሳትም አያቅርብ።

ስለ ራዲያተር ውሃ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ ውሃ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ሲፈላ በእኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ስለዚህ ክዳኑ የላላበት አሮጌ መኪና በዳገት ላይ ቶሎ ይግላል፤ የጋለውን ክዳን የሚከፍትም ሰው ፊቱን ያቃጥላል። ተራ የቧንቧ ውሃ ዝገትና ዝቃጭ ስለሚያበዛ፥ ለዚህ የተዘጋጀውን ኩላንት መጨመር ይሻላል። ኩላንት የሚገዛበት ገንዘብ ቴስታታ ከሚታደስበት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ለዚህም ሥራ ተናገሩት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ዓይነት ሕመም የፍሬን፥ የመሪና የጎማ ሕመም ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይኖራል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በጋለ ጊዜ ይፈላል፤ በዚያን ጊዜ አሽከርካሪው ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው አይቆምም። ስለዚህ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ይገባዋል። ጎማም ጥርሱ ቢታይ እንኳ ዕድሜው ሲያልፍ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች ያንብብ፤ 2318 የሚል ቢሆን፥ እ. ኤ. አ. በ2018 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ሥራ ባለቤቱ ይመርምረው እንጂ፥ ካልተማረው በቀር በግምት አይፍታው። ፍሬንን ገጥሞ ትርፍ ቡሎን በእጁ የቀረበት ሰው መኪናውን ወደ አዋቂ ይውሰድ እንጂ ወደ ጎዳና አያውጣ።

በመኪና ሥር ስለ መግባትም የምንለው አለ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መቆሚያ አይደለም። እኛ ራሳችን በሰፈሩ ባየነው አንድ ቅዳሜ፥ አንድ ጎረቤት ቡና ጠጣ ተብሎ ከመኪናው ሥር በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክሪኩ ተንሸራቶ መኪናው በድንጋዩ ላይ ወደቀ። ቡናው ባይፈላ ኖሮ በዚያ ቤት ለቅሶ ይሆን ነበር። ለመኪና መቆሚያ የተሠራውን ብረት የሌለው ሰው ከሥር አይግባ፤ ሸክላና ድንጋይም አይመን።

የባለቤት ኃላፊነት በሕግ የታወቀ ነው። በኦሪት ሕግ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው የቀረ ሰው፥ በሬው ነፍስ ሲያጠፋ ከደሙ ንጹሕ አይባልም ነበር። በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 2081 ባለ ተሽከርካሪ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጥፋት ሳይኖርበት እንዲህ ከሆነ፥ ፍሬኑ መድከሙን እያወቀ የሚነዳውማ ምን ይባላል? ስለ ሦስተኛ ወገን መድን የወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተጐዳው ካሣ እንዲደርስ ያደርጋል፤ የሞተውን ግን አያስነሣም።

ይህ ነገር ይልቁንም በበዓላት ሰሞን ይከብዳል። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል፥ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘው ምእመን ብዙ ጊዜ የሚሳፈረው በአሮጌ ሚኒባስ ነው። ለረጅም ቁልቁለት የሚገባው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው እንጂ ፍሬንን ረግጦ መቆየት አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የተረገጠ ፍሬን ግሎ ይከዳል። ጉዞውን የሚያዘጋጁ ካህናትና የማኅበር አለቆች ከኪራዩ ዋጋ አስቀድመው ፍሬኑ መቼ ታየ፥ ጎማውስ ስንት ዓመቱ ነው ብለው ቢጠይቁ፥ መንጋቸውን መጠበቅ ነውና አገልግሎታቸው እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ሁለት ጉድለቶችን ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። አንደኛው፥ የዓመቱ ምርመራ በደረሰ ጊዜ ደኅና ጎማ ተውሶ አሰርቶ፥ ቦሎ ከተለጠፈ በኋላ የተበላውን መልሶ የሚያስገባ ሰው መኖሩ ነው። ይህ ሰው መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል፤ ያታለለው ግን በኋላ ወንበር የተቀመጡትን ልጆቹን ነው። ሁለተኛው፥ የተቃጠለውን ዘይት በየቦዩ ማፍሰስ ነው። የከተማችን ወንዞች ወደ አቃቂ፥ አቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በአቃቂ ውሃ የሚለማው አትክልትም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። በሰፈር የፈሰሰ ዘይት በማዕድ ላይ ይገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ከባለ ሥልጣኖች በኩል ሦስት ነገር እንዲታሰብ እናሳስባለን። የመጀመሪያው፥ በነዳጅ የሚሠራ መኪና መግባቱ በተከለከለበት ዘመን መለዋወጫ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ መቈጠር የለበትም፤ ይልቁንም የፍሬን ሸራ፥ የፍሬን ዘይትና ጎማ ቀረጣቸው እንዲቀል፥ አስመስሎ የተሠራውም በገበያ እንዳይሸጥ ጥራቱ እንዲመረመር ያስፈልጋል። ቀረጡ ሲቀል የግምጃ ቤት ገቢ ጥቂት ይጐድላል፤ ነገር ግን በአጥንት ሰባሪና በሬሳ ሣጥን የሚወጣው ወጪ ከዚህ ይበልጣል። ሁለተኛው፥ በየወረዳው የተቃጠለ ዘይት የሚሰበሰብበት በርሜል ይቁም። ሦስተኛው፥ እንደ አዲስ አበባው ተግባረ እድ ያሉት የሙያ ትምህርት ቤቶች በበዓልና በቅዳሜ ለባለ መኪናዎች አጭር ትምህርት ይስጡ። ይህ ትምህርት ለሚመጣውም ዘመን ስንቅ ነው። አሮጌው መኪና የሚሠራበት 12 ቮልት ባትሪ የቤት ሰው ይነካዋል፤ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ትልቁ ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነ ያልተማረ የነካው እንደ ሆነ ይገድላል። ዛሬ በእጁ ያለውን ለመጠበቅ ያልተማረ፥ ነገ የሚመጣለትን ሊጠብቅ አይችልም።

ለባለ መኪናው ደግሞ አንድ ቀላል ምክር እንጨምራለን። በመኪናው ኪስ አንዲት ደብተር ያኑር፤ ዘይቱ፥ ፍሬኑ፥ ጎማው፥ ቺንጊያ የሚባለውም የሞተር ቀበቶ በስንት ቀንና በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተለወጠ ይጻፍበት። ቃል ይረሳል፤ ጽሕፈት ይኖራል። መኪናውን ለልጁ ወይም ለሌላ ሰው ባስተላለፈ ጊዜም ከብረቱ ጋር እውነቱን አብሮ ያስረክባል።

በቦሌ ሚካኤል አጥር ሥር በቅዳሜ የሚሠራው ሥራ የድህነት ምልክት ነው ብሎ የሚያፍር ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ያለውን መጠበቅ የክብር ሥራ ነው። የሚያሳፍረውስ የሚሄድ መኪና ይዞ የሚያቆም ፍሬን አለመያዝ ነው። የአውቶሞቢል ዕድሜ በዓመት ቢቈጠርም፥ ደኅንነቱ የሚመዘነው በጠባቂው ትጋት ነውና፥ ባለቤት ከመነሣቱ በፊት የሚያቆመውን ይመርምር።